እንግዳው የሚቆምበት ቦታ፦ የሠርግ ቀን ምልክቶችን እንዴት እናቅድ?

እህቴ የተሞሸረች ቀን አክስቴ አርባ ደቂቃ ያህል የሰው ሠርግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕንፃው ሁለት አዳራሽ አለው፤ አንዱ ምድር ላይ፣ አንዱ ፎቅ ላይ። በዚያ ቀን ሁለቱም ተይዘዋል። እኛ መግቢያው ላይ ያቆምነው ሰሌዳ በአበባ ያጌጠ፣ የሚያምር ነበር። «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። የማን ሠርግ እንደሆነ ግን አይልም። አክስቴ አነበበችው፣ ደስ አላት፣ በቀረባት በር ገባች። ስጦታዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የምታውቀው ሰው እስኪመጣ ጠበቀች። እኛ ጋ ስትደርስ ቃል ኪዳኑ አልቋል።

«ልጄ፣ ሰው ማስቸገር ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁት» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ እስከዛሬ አልወጣልኝም። ጠፍቶበት እየጠየቀ የሚመጣ እንግዳ አለ። መጠየቅ የሚከብደውም አለ። ምልክት የሚሠራው ለሁለተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ በዘመድም በጓደኛም ሠርግ የምልክቱን ነገር እኔ እይዛለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ሥራ ነው፤ ዲዛይነር አይደለሁም። ግን እስካሁን 11 ሠርግ ላይ ሠርቻለሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በእግራችሁ ሂዱ

ብዙ ሰው ምልክትን ከስልኩ ይጀምራል። የሚያምሩ ፎቶዎች ይሰበስባል፤ ከዚያ «ይህን እንሥራ፣ ያንን እንሥራ» ይላል። እኔ ከእግር ነው የምጀምረው። ከሠርጉ ስድስት ሳምንት ቀደም ብዬ ቦታው ድረስ እሄዳለሁ። የምሄደው ሠርጉ በሚጀመርበት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩንም ጥላውንም ማየት አለብኝ። ብቻዬን አልሄድም። ቦታውን አይቶት የማያውቅ አንድ ሰው ይዤ እሄዳለሁ። ከመኪና ማቆሚያው ላይ «እስከ መቀመጫህ ድረስ ሂድ» እለውና ከኋላ ከኋላው እከተላለሁ። ምንም አልናገርም። የቆመበትን፣ የዞረበትን፣ ዘወር ብሎ እኔን ያየበትን ቦታ ብቻ እጽፋለሁ።

አንድ ጊዜ የአጎቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ሰባት ቦታ ላይ ቆመ። አራቱን አውቃቸዋለሁ። ሦስቱ ግን በሐሳቤም አልነበሩም። አንደኛው ከመኪና ማቆሚያው ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ አናት ነው፤ እዚያ ስትደርስ ከፊት ለፊትህ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ኮሪደር ላይ አንድ ዓይነት ሁለት በሮች ጎን ለጎን ያሉበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ከአዳራሹ ሲወጣ ነው። «አሁንስ ወዴት ነው?» አለኝ። መግቢያውን ብቻ እያሰብኩ ቀጣዩን ረስቼው ኖሯል።

ከዚያ አንድ ወረቀት ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ በኩል ሰውየው የቆመበትን ቦታና በልቡ የጠየቀውን ጥያቄ እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል መልሱን። «ደረጃው አናት፦ ግራ ነው ቀኝ?» ለሚለው መልሱ «ወደ ግራ» ነው። የምልክቱ ጽሑፍ ያ መልስ ነው፤ ሌላ አይጨመርበትም።

ስትሠሩት ታዩታላችሁ፤ የእንግዳ ጥያቄ ከአራት አያልፍም። ትክክለኛው ቦታ ላይ ነኝ ወይ? ወዴት ልሂድ? የት ልቀመጥ? ቀጥሎ ምንድን ነው? መጸዳጃ ቤት «ወዴት ልሂድ» ውስጥ ይገባል፤ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው እሱ ነው። ስለ ፍቅር የሚያወራ ጥቅስ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ የሙሽሮቹ ታሪክ የተዘረዘረበት ሰሌዳ፣ «ዳንሱ እዚህ ነው» የሚል ሰሌዳ ከአራቱ አንዱንም አይመልስም። ገንዘብ ከተረፈ ይሠራ። ካልተረፈ ግን መጀመሪያ እነሱን ቀንሱ። እህቴ ሠርግ ላይ አራት የጥቅስ ሰሌዳ ነበረን። የአዳራሽ ምልክት አልነበረንም።

ምን ብለን እንጻፍ?

መግቢያው ላይ የሁለቱም ሙሽሮች ስም ይኑር። ከነአባት ስም። ከእንግዶቹ ግማሽ ያህሉ የሚያውቁት ሙሽሮቹን ሳይሆን ወላጆቻቸውን ነው፤ «ሳራና ዮናስ» ቢባሉ የማን ልጆች እንደሆኑ አይገባቸውም። የአባት ስም ሲያዩ ግን ደረታቸውን ነፍተው ይገባሉ። ሙሽሪት በቤት ስሟ የምትታወቅ ከሆነም ከታች አነስ አድርጋችሁ ጨምሩት። ከስሙ ቀጥሎ የአዳራሹ ስምና ፎቁ። በቃ። ቀኑን ሰዉ ያውቀዋል፤ የመጣው በቀኑ ነው።

ሰዓት የምትጽፉ ከሆነ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለውን አትተዉ። በሁለት ቋንቋ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ የሰዓት አቆጣጠሩ የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ለየብቻ አስሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ቁጥሩን ገልብጣችሁ አታሳልፉ።

ቀስት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በተለምዶ «ቀጥታ ሂዱ» ማለት ነው። ደረጃ አጠገብ ስታደርጉት ግን «ፎቅ ውጡ» ይሆናል። ስለዚህ ደረጃ ባለበት ቦታ ቀስቱን ብቻውን አልተወውም፤ «ቀጥታ» ወይም «ወደ ፎቅ» ብዬ በቃል እጽፋለሁ። የግራ ቀስት ከጽሑፉ በግራ ጫፍ፣ የቀኝ ቀስት በቀኝ ጫፍ ይሁን። ዓይን አቅጣጫውን ከቀስቱ ቅርጽ በፊት ከቦታው ይረዳዋል። አንድ ሰሌዳ ላይ ከሦስት በላይ አቅጣጫ አታጭቁ። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን ደግሞ አንድ ላይ ሰብስቧቸው።

ለመጸዳጃ ቤት ቃሉንም ሥዕሉንም አድርጉ። ሥዕሉን ልጅም፣ ቋንቋውን የማይችል እንግዳም ያነበዋል። አዲስ ሥዕል መፍጠር ግን አያስፈልግም፤ ሰው የለመደውን የወንድና የሴት ምስል ተጠቀሙ። ኮፍያና ከንፈር፣ ወይም ጢምና ጫማ የተሳለባቸውን አይቻለሁ። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያስብ አይቻለሁ ማለቴ ነው።

ክልከላ ካለ በልመና ይጻፍ። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ሠርግ ቤት አያምርም። «ቃል ኪዳናችንን እስክንጨርስ ስልክዎን ያስቀምጡልን» ሲባል ሰው በደስታ ያስቀምጣል። ምልክት ላይ ሁልጊዜ በአክብሮት ጻፉ፦ «ይግቡ»፣ «ይፈርሙልን»፣ «ይቀመጡ»።

ፊደሉ ምን ያህል ይተልቅ?

የምልክት ሠሪዎች አንድ የቆየ መለኪያ አላቸው። ሰው በምቾት እንዲያነብ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ያስፈልጋል ይላሉ። ይህ የተለካው ግን በላቲን ትልልቅ ፊደላት ነው። የእኛ ፊደል ሌላ ጠባይ አለው። «ለ» እና «ሉ»ን፣ «በ» እና «ቡ»ን የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ናት። ከሩቅ ቅጥያዋ ቀድማ ትጠፋለች፤ ከዚያ ስሙ ሌላ ስም ይሆናል። ስለዚህ እኔ ለ3 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር እሰጣለሁ። ከ6 ሜትር የሚነበብ ከሆነ 8 ሴንቲ ሜትር።

ይህ በወረቀት ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ኤ1 ወረቀት 59.4 በ84.1 ሴንቲ ሜትር ነው። አቁማችሁት ግራና ቀኙን 5 ሴንቲ ሜትር ብትተዉ ለጽሑፍ የሚቀራችሁ ወርድ ወደ 49 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኛ ፊደል ወርዱ በአማካይ ከቁመቱ ብዙም አይለይም። ስለዚህ በ4 ሴንቲ ሜትር ፊደል አንድ መስመር ላይ 12 ያህል ይገባል። «እንኳን ደህና መጡ» ከነክፍተቱ 11 ነው። ልክ ይገባል። የአዳራሹ ስም 20 ፊደል ከሆነ ግን ወይ ለሁለት መስመር ይከፈል፣ ወይ ወረቀቱ ይተልቅ። ፊደሉን አታሳንሱት።

ዲዛይኑን በኮምፒውተር አይታችሁ «ይነበባል» አትበሉ። ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል። ያለኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ኤ1ን በኤ4 ላይ አሳንሳችሁ አትሙት። ኤ4 በቁመትም በወርድም ከኤ1 2.8 ጊዜ ያህል ያንሳል። ግድግዳ ላይ ለጥፉትና አንድ ሜትር ራቁ። አሁን የምታዩት ትልቁን ሰሌዳ ከ2.8 ሜትር እንደምታዩት ነው። ሁለት ሜትር ብትርቁ ከ5.6 ሜትር። እኔ እናቴን ያለ መነጽር አስቆማታለሁ። እሷ ካነበበችው ማንም ያነበዋል።

የፊደሉን ዓይነት በተመለከተ፣ በብሩሽ የተጻፈ የሚመስለውን የተጠማዘዘ ፊደል ለሙሽሮቹ ስም ብቻ ተዉት። አቅጣጫ፣ ቁጥር፣ የእንግዳ ስም በቀላልና በወፍራም ፊደል ይጻፍ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉት ፎንቶች (የኮምፒውተር ፊደላት) በነፃ ይገኛሉ። ከሩቅ ለሚነበብ የመጀመሪያው ይሻላል፤ መስመሩ እኩል ውፍረት ስላለው አይጠፋም።

ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ አንድ ነገር አደራ። ፊደላቱ ወደ ቅርጽ የተቀየሩበት ፒዲኤፍ ላኩ። ዲዛይነራችሁ ይህን ያውቀዋል፤ ሁለት ጠቅታ ነው። የጓደኛዬ ሠርግ ዋዜማ የመቀመጫውን ዝርዝር ልንወስድ ስንሄድ ግማሹ ስም ባዶ ሳጥን ሆኖ ታትሞ ጠበቀን። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተጠቀምንበት ፎንት አልነበረም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ አሮጌ ፎንቶች የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በእነሱ የተጻፈ ነገር አሁንም ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ወደ ቅርጽ ከተቀየረ ግን ፊደሉ ሥዕል ነው፤ የትም ቢሄድ አይለወጥም። ከዚያ በኋላ የፊደል ስህተት ማረም ስለማይቻል ግን ዋናውን ፋይል አስቀምጡ።

ስለ ቀለም አጭር ነኝ። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም በነጣ ላይ፤ ወይም ነጭ በጠቆረ ላይ። ወርቃማ በነጭ ላይ ሁሉም ይወደዋል፣ ማንም አያነበውም። ግልጽ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ላይ የሚጻፍ ከሆነ ከኋላው አንድ ወጥ ቀለም ያለው ነገር ይኑር፤ ከአበባ ፊት ከቆመ ጽሑፉ አበባው ውስጥ ይገባል። መስታወት ላይ የተጻፈ ደግሞ ሰው ራሱን ነው የሚያይበት። ቀይ በአረንጓዴ ላይ አታድርጉ፤ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ።

የመቀመጫ ዝርዝር

ከሁሉ በላይ የምደክመው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ሁሉም እንግዳ የግድ የሚቆምበት ብቸኛው ሰሌዳ ይህ ነው። ሒሳቡን ተመልከቱ። 200 እንግዳ አለ እንበል። አንድ ሰው ስሙን ለማግኘት 10 ሴኮንድ ቢፈጅበት በጠቅላላው 2,000 ሴኮንድ ይሆናል፤ ወደ 33 ደቂቃ። አራት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ማንበብ ከቻለ ግን ስምንት ደቂቃ ከምናምን ነው። ሰሌዳው ጠባብ ሆኖ ፊደሉ ካነሰ፣ ወይም ስሙ ያለበት ቦታ ካልታወቀ፣ 10ሩ ሴኮንድ 30 ይሆናል። ሰልፉ በር ላይ ይዘጋል።

ዝርዝሩ በጠረጴዛ ይሁን ወይስ በስም? እንግዳው የሚያውቀው ስሙን ነው። ጠረጴዛውን አያውቀውም፤ የመጣው እሱን ሊጠይቅ ነው። በጠረጴዛ ከተደረደረ ስሙን ለማግኘት ሃያውንም ጠረጴዛ ማንበብ አለበት። ከ60 ሰው በታች ከሆነ ግድ የለም። ከዚያ በላይ ከሆነ በስም፣ በፊደል ቅደም ተከተል።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የሚያመጣው ጣጣ አለ። ኮምፒውተሩ «ሀይሉ»ን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። «ኃይሉ»ን ግን ከ«ተ» እና ከ«ቸ» በኋላ ይወስደዋል። «አለሙ» አንድ ቦታ፣ «ዓለሙ» ሌላ ቦታ፤ በመካከላቸው «ከ» እና «ወ» አሉ። «ሠናይት» ከ«ረ» በፊት፣ «ሰናይት» ከ«ረ» በኋላ። እንግዳው እናንተ በየትኛው እንደጻፋችሁት አያውቅም። እኔ ሞክሼዎቹን አንድ ላይ አደርጋቸዋለሁ። «ሀ ሐ ኀ» አንድ ርዕስ፣ «ሰ ሠ» አንድ ርዕስ፣ «አ ዐ» አንድ ርዕስ፣ «ጸ ፀ» አንድ ርዕስ። ይህን ኮምፒውተሩ አይሠራላችሁም፤ በእጅ ነው። አንድ ምሽት ይወስዳል። ያዋጣል።

ሌላው ማዕረግ ነው። «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ዶክተር» ከስም በፊት ከጻፋችሁ ሁሉም አቶዎች «አ» ላይ ይሰበሰባሉ። ማዕረጉን ተዉት፣ ወይም ከስሙ በኋላ አድርጉት። «የእገሌ ቤተሰብ» ብላችሁም አታጠቃልሉ። ለብቻዋ ቀድማ የመጣች ልጃቸው በራሷ ስም ፈልጋ ታጣዋለች። ልጅም ቢሆን ስሙ ይጻፍ። የሰባት ዓመት ልጅ ስሙን ሰሌዳ ላይ ሲያገኝ አይታችኋል? የሚሄደው እየሮጠ ነው።

የስሞቹን አጻጻፍ ባለቤቶቹን ጠይቁ። ሰው ስሙ ተሳስቶ ሲያይ ዝም ይላል እንጂ ይሰማዋል። ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ የታላላቆቹንና የሩቅ እንግዶቹን ስም አረጋግጡ።

ከ100 ሰው በላይ ከሆነ ዝርዝሩን ለሁለት ሰሌዳ ክፈሉት። ሁለቱን ሁለት ሦስት ሜትር አራርቁ። በየአናታቸው «ከሀ እስከ ተ» ዓይነት ርዕስ በትልቁ ይጻፍ። ይህ ርዕስ ከሰው ራስ በላይ መሆን አለበት፤ ከኋላ የቆመው የትኛው ሰልፍ ውስጥ እንደሚገባ የሚያውቀው በእሱ ነው። ስሞቹን ደግሞ በጣም ወደ ታች አታውርዱ። ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ለማንበብ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ሽማግሌ አይጎነበስም። በዊልቸር ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ ከፍ ብሎ ያለው ስም አይታየውም። ለእሱም ለሌላውም ስትሉ ሙሉ ዝርዝሩን በኤ4 አትማችሁ አጠገቡ ለቆመ አንድ ሰው ስጡት።

ይህ ሰሌዳ መጨረሻ ላይ የሚታተም ነው። ሌሎቹን ከሦስት ሳምንት በፊት ለማተሚያ ቤት መስጠት ይቻላል። ይህን ግን ለሠርጉ ሦስት ቀን እስኪቀረው አታትሙት፤ ስም ይቀየራል፤ ሁልጊዜ ይቀየራል። እኔ እያንዳንዱን ስም ለየብቻ በቆረጥኩት ወረቀት ላይ አትሜ ሰሌዳው ላይ መለጠፍ ጀምሬያለሁ። አንድ ሰው ሲቀየር አንድ ወረቀት ነው የምቀይረው። አሥር ባዶ ወረቀትና አንድ ጥሩ ጥቁር ማርከርም አብሮኝ ይሄዳል።

የጠረጴዛ ቁጥር በሁለቱም ፊት ይጻፍ። ከአበባው በላይ ከፍ ብሎ ይቁም። ጠረጴዛዎቹን በአበባ ወይም በከተማ ስም መጥራት የሚወዱ ሙሽሮች አሉ። ያምራል። ግን «ጽጌረዳ» ጥግ ላይ ይሁን መሐል ማንም አያውቅም፤ 12 ግን 11 አጠገብ ነው። ስሙንም ቁጥሩንም ጻፉ። የግዕዝ አኃዝ የምትወዱ ከሆነም እንደዚሁ። እኔም እወደዋለሁ። ግን ፮ እና ፯ን ቆሞ የሚለይ ሰው ብዙ አይደለም። ከ7 በታች ፯ን አነስ አድርጋችሁ ጻፉት።

የት ይቁም? በምን ይሠራ?

በር ላይ አትለጥፉ። በሩ ሲከፈት ምልክቱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይደበቃል። ሠርግ ላይ ደግሞ በር ክፍት ነው። በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በእጀታው በኩል አድርጉት።

ሰው የማይጨናነቅበት ቦታ ላይ የሰሌዳው መሐል ከመሬት 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይመቻል። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁልጭ ብሎ የታያችሁ ምልክት 200 ሰው ሲገባ በትከሻ ይሸፈናል። መጸዳጃ ቤትና መውጫ የሚጠቁሙት ከ2 ሜትር በላይ ይሰቀሉ።

ውጭ የሚቆም ከሆነ የመጀመሪያው ጠላት ነፋስ ነው። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሰሌዳ እንደ ሸራ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ይጥለዋል። አንድ ሠርግ ላይ የመግቢያው ሰሌዳ ከነማቆሚያው በአንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብ ወደቀ። አልነካትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሸዋ የሞላ ከረጢት እግሩ ላይ ሳላስር፣ ሰሌዳውንም ከማቆሚያው ጋር በገመድ ሳላያይዝ አላቆምም። ፎም ቦርድ (መሐሉ ስፖንጅ መሰል የሆነ ሰሌዳ) ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለውስጥ ይበቃል። ውጭ ግን ፀሐይና እርጥበት ያጣምመዋል። ለውጭ ውስጡ ክፍት የሆነውን ባለ ሽንሽን ፕላስቲክ፣ ወይም ዳር ዳሩ የገመድ ማሰሪያ ቀዳዳ ያለው ባነር ተጠቀሙ። ጠመኔ ሰሌዳ የምትወዱ ደግሞ የሰው ልብስ ሲነካው እንደሚጠፋ አስቡ።

ማታ የሚቀጥል ሠርግ ከሆነ ብርሃን አስቡ። ከሰዓት የተተከለው ምልክት ሁሉ ከጨለመ በኋላ የለም ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ከላይ ወደ ታች እንዲያበራ አድርጉ። ከፊት ለፊት ከበራ ያንፀባርቃል።

መንገድ ላይ የሚቆመው ምልክት ራሱን የቻለ ነገር ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ለማንበብ ሦስት ሴኮንድ ቢፈጅበት 33 ሜትር አልፏል። ስለዚህ ምልክቱ መታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው 40 ወይም 50 ሜትር ቀድሞ ይቁም። አንድ ቃልና አንድ ቀስት ብቻ። ፊደሉን ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች አልጽፍም። ከታጠፈ በኋላም አንድ ትንሽ ምልክት ይድገመው፤ ሹፌሩ «ልክ ነኝ» ብሎ ዘና ይላል። ሁሉም የመንገድ ምልክቶች አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው። ከሁለተኛው በኋላ ሹፌሩ የሚያነበው ጽሑፉን ሳይሆን ቀለሙን ነው። ከመትከላችሁ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድ ጠይቁ። የትራፊክ ምልክት ላይ በፍጹም አትለጥፉ፤ የሌላውን ሹፌር ሕይወት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ኪውአር ኮድ

ይህ በስልክ ካሜራ የሚነበበው ባለ ካሬ ምልክት ለፎቶ መላኪያ፣ ለፕሮግራም፣ ለመልካም ምኞት መጻፊያ ጥሩ ነው። መጠኑ ከሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከአንድ ሜትር የሚነሳ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነም ከ2 ሴንቲ ሜትር አታሳንሱ። ዙሪያውን ነጭ ክፍተት ተዉለት፤ ቢያንስ የአራት ትናንሽ ካሬዎቹን ያህል። ጥቁሩ በነጭ ላይ ይሁን እንጂ አትገልብጡት።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። አንዳንድ ድረ ገጾች የሚሰጡት ኮድ በእነሱ አድራሻ በኩል የሚያልፍ ነው። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱ ይሞታል። ትክክለኛውን አድራሻ በቀጥታ የያዘ ኮድ አሠሩ። ታትሞ ሲመጣ በአሮጌ ስልክና በአዲስ ስልክ ሞክሩት። ስልክ የሌለው እንግዳ ምንም እንዳይቀርበት መቀመጫና ፕሮግራም ኮድ ውስጥ ብቻ አይደበቅ።

ዋዜማውና ቀኑ

ከማተሚያ ቤት ሲመጣ እያንዳንዱን ሰሌዳ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው አንብቡ። ከፊት ስታነቡ አእምሯችሁ ስህተቱን ያርመዋል። ዲዛይኑን ያላየ ሁለተኛ ሰውም ያንብብ።

በየሰሌዳው ጀርባ ቁጥርና ቦታ ጻፉ፦ «4፣ ደረጃው አናት፣ ቀስቱ ወደ ግራ»። ተመሳሳይ ቁጥር ያለበት የቦታው ንድፍ በአንድ ወረቀት ላይ ይሳል። ይህ ካለ ማንም ሰው ሊተክለው ይችላል። የሚተክለው ደግሞ ሙሽሪትም እናቷም መሆን የለባቸውም። አንድ ሰው በስሙ ኃላፊነቱን ይውሰድ። ያ ሰው ቦርሳው ውስጥ ማጣበቂያ፣ መቀስ፣ ገመድ፣ ማርከር፣ አራት ወይም አምስት ባዶ ኤ3 ካርቶንና ለብቻቸው የተቆረጡ ቀስቶች ይኑሩት። ዝናብ መጥቶ ፕሮግራሙ ከግቢ ወደ ውስጥ ቢዛወር ቀስቱን ገልብጦ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የአዳራሹን ሰዎችም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ግድግዳው ላይ ማጣበቂያ የማይፈቅዱ አሉ፤ ቀለሙን ይልጣል።

ሁሉም ከተተከለ በኋላ ያን ቦታውን የማያውቀውን ሰው አንድ ጊዜ መልሳችሁ አስኪዱት። ከቆመ አሁንም አንድ ምልክት ይጎድላል ማለት ነው።

የመመለሻውን ነገር እኔ የደረስኩበት ዘግይቼ ነው። እንግዳ ሲገባ ብርሃን አለ፣ ሰው አለ፣ ተቀባይ አለ። ሲወጣ ጨለማ ነው፣ ደክሞታል፣ መኪናውን የት እንዳቆመ አያስታውስም። ውጭ የሚቆሙት ሰሌዳዎች ጀርባቸው ባዶ ነው። አሁን በጀርባቸው «ወደ መኪና ማቆሚያ» ብዬ ቀስት አደርግባቸዋለሁ። ከግቢው መውጫ ባለው የመጨረሻው ላይ ደግሞ የሙሽሮቹ ስምና «ስለመጡልን እናመሰግናለን፤ በሰላም ይግቡ» የሚል አለበት።